«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች»፦ ለነፍሰ ጡር እናት የሚሰጥ ያልተጠየቀ ምክር ታሪክ

መግቢያ

አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ትገኛለች፤ በስተሰሜን የጉማራን ወንዝ ሲሻገሩ የፎገራ ሜዳ እስከ ወረታና ከዚያም አልፎ ይዘረጋል። በዚህ አገር ሆዷ የገፋ ሴት በገበያ መንገድ ስታልፍ፣ የሚያውቃትም የማያውቃትም አንድ ነገር ሳይላት አያልፍም። አንዷ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ትመርቃታለች። ሌላዋ «ከዓይን ያውጣሽ» ትላታለች። ሦስተኛዋ የሆዷን ቅርጽ አይታ ወንድ ነው፣ ሴት ናት ስትል ትፈርዳለች። አራተኛዋ ደግሞ ከባድ እንዳታነሺ፣ ወተት እንዳታበዢ፣ ማታ ብቻሽን እንዳትወጪ ስትል ትመክራታለች። ነፍሰ ጡሯ ከእነዚህ አንዱንም አልጠየቀችም።

እነዚህ ቃላት የጓዳ ወሬ ተብለው ሊናቁ አይገባም። እናቲቱ ምን እንደምትበላ፣ መፀነሷን መቼ ለሰው እንደምትገልጥ፣ ምጥ ሲይዛት ከቤት እንደምትቆይ ወይም ወደ ጤና ተቋም እንደምትሄድ በአብዛኛው የሚወስነው ከቅርብ ሰው የሰማችው ቃል ነው። ሰሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን በ1994 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ እናቶችን ለሞት የሚዳርጉትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለው ሲያስቀምጡ፣ የመጀመሪያውን ቦታ የሰጡት ሕክምና ለመሻት በመወሰን ረገድ ለሚታየው መዘግየት ነው። ይህ መዘግየት የሚፈጠረው ቤት ውስጥ፣ በመካሪዎች መካከል ነው። የጤና ባለሙያውም ከእነዚህ መካሪዎች አንዱ፣ ያውም ዘግይቶ የመጣው መካሪ ነው። ስለዚህ ከእርሱ በፊት ምን ሲባል እንደኖረና የእርሱ ምክር መቼ እንደተሰማ፣ መቼም እንዳልተሰማ መመርመር ለዕለት ሥራው ይጠቅመዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቋንቋው የያዘው ፍርሃት

ምክሩ ለምን እንደበዛ ለመረዳት አስቀድሞ ቃላቱን ማዳመጥ ያስፈልጋል። «ነፍሰ ጡር» ማለት ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ስትወልድ ደግሞ «ተገላገለች» ይባላል፤ ይኸውም ጠበኞችን ለማላቀቅ የሚያገለግለው ቃል ነው። በምጡ ሰዓት በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምኑላታል። በሰላም ከወለደች በኋላ የሚጠይቃት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ምሕረት የሚሰጠው ፍርድ ለሚጠብቀው ሰው ነው። አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ወሊድን ከሞት ጋር እንደሚደረግ ትግል አድርጎ መቁጠሩን እነዚህ የዕለት ተዕለት ቃላት ያስረዳሉ።

ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከ100,000 ሕያው ወሊዶች ውስጥ የ871 እናቶች ሕይወት እንደሚያልፍ ገምቶ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ጎረቤትም ሆነ መንገደኛ ነፍሰ ጡር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል። ምክሩ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ የሚመነጨው ግን ብዙ ጊዜ ሞት ካየ ዓይን ነው።

የእናትና የአማት ምክር

በአማራ ገጠር እንደ ልማዱ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ልጆች የሚወለዱት በባል ቤት በመሆኑ ምክሩም ከእናት ወደ አማት ይሸጋገራል። ሙሽራዋ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። በ2005 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል የሴቶች መካከለኛ የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ ከ15 ዓመት በታች እንደነበረ አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ ወደ ሰው ቤት ለገባች ልጅ የአማት ምክር የትእዛዝ ያህል ነው።

ከምክሮቹ ሁሉ በሰፊው የታወቀው ምግብን የሚመለከተው ነው። በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ነፍሰ ጡሮች ወተት፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ሙዝ፣ ገንፎና የመሳሰሉትን እንዳይበሉ ወይም እንዳያበዙ ይነገራቸዋል። ከሚሰጡት ምክንያቶች ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ምግቡ በፅንሱ ራስ ላይ ይለጠፋል የሚል ነው። ለዚህም ማስረጃ ተደርጎ የሚቀርበው ሕፃኑ ሲወለድ በገላው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ነው። ሕክምናው ቬርኒክስ የሚለው ይህ ቅባት የፅንሱን ቆዳ የሚጠብቅ ተፈጥሯዊ ሽፋን እንጂ የምግብ ትራፊ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ልጁ በማኅፀን ውስጥ ከፋፋ ለመውለድ ያስቸግራል የሚል ነው።

ይህ ሁለተኛው ምክንያት በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ማኅፀን ቀዶ የሚያወልድ ሐኪም በሌለበት፣ ዳሌዋ አድጎ ያልጨረሰ ልጅ በምትወልድበት ዘመን ትልቅ ሕፃን በእርግጥም ገዳይ ነበር። አያቶች የታገደ ምጥን በዓይናቸው አይተዋል። መከላከያ ብለው የያዙትም በእጃቸው ያለውን ብቸኛ ነገር፣ ማለትም ምግብን መቀነስ ነበር። ያዩት አደጋ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን እናቲቱን ለደም ማነስ፣ ሕፃኑን ለክብደት ማነስ ያጋልጣል። ባለሙያው አደጋውን ሳያነሣ ምግቡን ብቻ ብይ ሲላት፣ አማቷ የምትፈራውን ነገር ጨርሶ አልመለሰም።

ሌሎቹ ምክሮች ደግሞ ጥቅምና ጉዳታቸው የተደባለቀ ነው። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች በልጁ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል የሚለው እምነት በሳይንስ የተደገፈ አይደለም። ሆኖም ከቤተሰቡ ሁሉ በኋላ ለምትበላ ሴት አምሮት ምግብ የመጠየቅ መብት ሰጥቷታል፤ ባልም ማልዶ ገበያ እንዲወጣ አስገድዶታል። አፈር ካማራት ግን ነገሩ በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። አፈር መብላት ከብረት ማዕድን እጥረት ጋር ስለሚያያዝ የደም ምርመራ ያሻዋል። ኮሶ ፅንስ እንደሚያስወርድ ይታወቅ ስለነበር ነፍሰ ጡር ከኮሶ ትጠበቅ ነበር፤ ይህ ምክር ትክክል ነበር። ከባድ አታንሺ የሚለውም ቢያንስ ከእንስራና ከእንጨት ሸክም ጥቂት እረፍት አስገኝቶላታል።

ስለ እርግዝና ለሰው አለመናገርም ከቀድሞዎቹ ምክሮች አንዱ ነው። ዓይን እንዳይበላት፣ ቡዳ እንዳያያት በሚል ፅንሱ እስኪገፋ ድረስ ዝም ማለት የተለመደ ነው። ይህ ዝምታ እስከ ዛሬ በቁጥር ይነበባል። በ2016 ጥናት መሠረት ከእናቶች 62 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የቅድመ ወሊድ ክትትል ሲያገኙ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ መዘግየት ምክንያት ዓይን መፍራት ነው ማለት አይቻልም፤ የመንገድ ርቀትም የሥራ ብዛትም አለ። ነገር ግን መፀነሷን ለጎረቤት ያልነገረች ሴት ሁሉም በሚያያት የጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ መጠየቅ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሾተላይና የሱስንዮስ ጸሎት

ልጅ እየወለደች ለሚሞቱባት ሴት የሚሰጠው ምክር ከሁሉ የከበደ ነው። «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ለዚህም የጥንቱ መድኃኒት በብራና ላይ የተጻፈ ክታብ ነበር። በኢትዮጵያ የክታብ ጽሑፎች በብዛት ከሚገኙት አንዱ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ነው። በታሪኩ መሠረት ውርዝልያ የተባለችው ሕፃናት ገዳይ የሱስንዮስን ልጅ በመግደሏ፣ እርሱ በፈረስ ተከታትሎ በጦር ወግቷታል። ደብተራው ይህን ጸሎት በግእዝ ይጽፍና ለባለቤቷ ይሰጣል፤ እርሷም በአንገቷ አንጠልጥላ ትይዘዋለች። እነዚህ ክታቦች ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች ውስጥ ስብስብ ሆነው ይታያሉ። የእያንዳንዳቸው መነሻ ግን ልጇ እንዳይሞትባት የፈራች አንዲት እናት ናት።

ሕክምናው የዚህን ችግር አንድ ክፍል የፈታው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ላንድስታይነርና ዊነር ስለ አርኤች የደም ዓይነት ያደረጉት ግኝት በ1940 ይፋ ሆነ። የእናትና የፅንስ ደም ባለመጣጣሙ የሚመጣውን ችግር ለመከላከል የሚሰጠው የአንታይ ዲ መርፌ ደግሞ በ1968 ለአገልግሎት በቃ። የመጀመሪያው ልጅ በሕይወት እየኖረ ተከታዮቹ እንደሚሞቱ የተመለከቱት የገጠር ሴቶች ያዩት ነገር ልክ ነበር። በእርግጥ ሾተላይ የተባለው ሁሉ የአርኤች ችግር አልነበረም፤ ቂጥኝም፣ ወባም፣ ሌላም ሕመም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በመሆኑም ዛሬ አንዲት እናት «ሾተላይ አለብኝ» ስትል ለባለሙያው የምትነግረው የወሊድ ታሪኳን ነው። ቃሉን ሰምቶ የሚስቅ ባለሙያ ጠቃሚ መረጃ ከእጁ ያመልጠዋል።

አዲሱ መካሪ ሲመጣ

የሕክምና ባለሙያ ከነፍሰ ጡር መካሪዎች ተርታ የገባው ዘግይቶ ነው። የወሊድ አደጋ ቤተ መንግሥትንም አልማረም። በእንግሊዝ አገር ነርስነት የተማረችው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በ1942 በወለጋ ለቀምት ሳለች ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች። በስሟ ወደተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል በ1959 የማዋለጃ ትምህርት ቤት ለማቋቋም የመጡት ሐኪሞች ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን ነበሩ። በዚያም ከየገጠሩ በታገደ ምጥ የተጎዱ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው ሴቶችን አገኙ። ይህም በ1970ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ። በ2005 ደግሞ ከመዲናይቱ ውጭ የመጀመሪያው የፊስቱላ ማዕከል በባሕር ዳር ተከፍቶ ለደራና ለፎገራ ሴቶች መንገዱን አሳጠረላቸው።

ወደ ፊስቱላ ከሚያደርሱት ምክሮች አንዱ «የበኩር ምጥ ይረዝማል፣ ታገሺ» የሚለው ነው። የበኩር ምጥ በእርግጥም ይረዝማል። ምክሩ ገዳይ የሚሆነው ትዕግሥቱ ልክ ሲያጣና ቀንና ሌሊት ሲፈራረቅ ነው።

ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ተቋም በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ከመከፈቱ አንድ ዓመት በፊት በጣና ሰሜን በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰዎችን ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች ላከ። የኅብረተሰብ ነርሷ ቤት ለቤት ሄዳ ነፍሰ ጡሮችን እንድትመክር ታስቦ ነበር። እንደ ፎገራ ባለ ወባማ ሜዳ ላይ ይህ ምክር የሞትና የሽረት ጉዳይ ነበር፤ ወባ ነፍሰ ጡርን ለብርቱ የደም ማነስና ለውርጃ ይዳርጋልና። ይሁን እንጂ የባለሙያው ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለነበር ድምፁ ከጥቂት ከተሞች ብዙም አልራቀም።

ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ የልምድ አዋላጆችን ማሠልጠን እንደ መፍትሔ ተወሰደ። አዋላጇ በመንደሩ የምትታመን መካሪ ስለነበረች አሳቡ ማኅበራዊ መሠረት ነበረው። ነገር ግን ደም ሲፈስ ወይም ምጥ ሲታገድ ሥልጠናው ብቻውን ሕይወት እንደማያድን ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ፖሊሲውም ወሊድ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ እንዲሆን ወደሚለው አቅጣጫ ዞረ።

ልጅ ለእናቷ

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ፤ በገጠር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁና የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከሚሠሩበት ማኅበረሰብ እንዲመለመሉ በመደረጉ የአካባቢውን ቋንቋና ልማድ ያውቃሉ። ችግሩ የዕድሜ ነበር። ራሷ ገና ያልወለደች ልጅ፣ ስምንት የወለዱትን እናት «አንቱ» እያለች ስለ ምጥ ትመክር ዘንድ ተላከች። አማርኛ ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ተረት አለው፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል።

የተረቱን ኃይል ቁጥሮች ይመሰክራሉ። በጤና ተቋም የመውለድ ምጣኔ በ2000ም በ2005ም 5 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2011 ወደ 10 በመቶ ብቻ ከፍ አለ። በዚያው በ2011 ጥናት በጤና ተቋም ያልወለዱ እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ 61 በመቶ የሚሆኑት አስፈላጊ አይደለም አሉ፤ 30 በመቶዎቹ ደግሞ ልማድ አይደለም ሲሉ መለሱ። እነዚህ እናቶች ምክሩ ደርሷቸው ሊሆን ይችላል። ከመካሪዎቻቸው መካከል ግን የባለሙያው ቃል ገና ሚዛን አልደፋም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነበር። በተቋም የመውለድ ምጣኔ በ2016 ወደ 26 በመቶ፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ አደገ። የእናቶች ሞት ግምትም በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ለዚህ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም። አዋላጅ ነርሶች በብዛት ሠለጠኑ፣ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፉ፣ ለወረዳዎች አምቡላንስ ታደለ፣ የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ሆነ። በ1976 በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል የተጀመረው የእናቶች ማቆያም ወደ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ተስፋፋ።

ከዚሁ ጋር ምክሩም አቀራረቡን ለወጠ። የነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ በየቀበሌው ሲጠራ ባሎችና አማቶች አብረው እንዲገኙ ተደረገ። ጾምን በሚመለከት የነፍስ አባቶች፣ የእርጉዝ ሴትን ድካም አስመልክቶ ከባለሙያዎች ጋር መነጋገር ጀመሩ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ተፈቀደ። ለሠለጠነ ዓይን ገንፎው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለአማቷ ግን በጤና ጣቢያ መውለድ ማለት ያለ ገንፎ፣ ያለ እልልታና ያለ ዘመድ መውለድ ማለት ነበር። ይህ ሥጋት ሲነሣላት፣ ቀድሞ «እዚሁ ቤትሽ ታገሺ» ትል የነበረችው መካሪ ራሷ ቃሬዛውን ታስጠራ ጀመር።

የባለሙያውም አንደበት

የታሪኩ ሌላ ገጽ ደግሞ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ይመለከታል። በአገራችን በማዋለጃ ክፍሎች የተደረጉ ጥናቶች እናቶች ስድብ፣ ቁጣና ንቀት እንደሚደርስባቸው ዘግበዋል። በምጥ ላይ ያለችን ሴት «ያን ጊዜ ሳትጮኺ አሁን ምን ያስጮኽሻል?» ማለት፣ ልጅ ማብዛቷን እየቆጠሩ መገሠጽ፣ ዘግይታ የመጣችን እናት በሰው ፊት ማሳፈር፣ እነዚህ ሁሉ ያልተጠየቁ አስተያየቶች ናቸው። ከመንገደኛው አስተያየት የሚለዩት ሥልጣን ባለው አንደበት በመነገራቸው ነው። የተናገራቸው ባለሙያ ወዲያው ሊረሳቸው ይችላል፤ የሰማቻቸው እናት ግን ወደ መንደሯ ይዛቸው ትመለሳለች። በሚቀጥለው ዓመት ለምትወልደው ጎረቤቷ የምትሰጠው ምክር ይኸው ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ እናት የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን፣ እንድትንቀሳቀስና ቀና ባለ አቋም እንድትሆን፣ አነስተኛ አደጋ ያለባት ከሆነች ምግብና ፈሳሽ እንድትወስድ፣ በአክብሮት እንድትያዝ መክሯል። ይህን ያነበበ ባለሙያ የመንደር ሴቶች ሲጠይቁት የኖሩት ነገር እንደሆነ ይገነዘባል። ተንበርክኮ መውለድ፣ የእናት እጅ መያዝ፣ ትኩስ ነገር መቅመስ በአያቶች ምክር ውስጥ ነበሩ። ሆድን በኃይል ማሸትና የሚጥላትን ነፍሰ ጡር የመንፈስ ሥራ ነው ብሎ ከሕክምና ማዘግየትም በዚያው ምክር ውስጥ ነበሩ። ኤክላምፕሲያ ሰዓታትን አይታገሥም። የባለሙያው ሥራ እነዚህን መለየት ነው።

ማጠቃለያ

ነፍሰ ጡርን የሚመክር አይታጣም። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ባለሙያው ምክሩን ከመጀመሩ በፊት «እስካሁን ምን ምን ተባልሽ? ማንስ አለሽ?» ብሎ ሊጠይቃት እንደሚገባ ነው። መልሷ ሦስት ነገር ያሳየዋል፤ የምትፈራውን፣ በቤቷ የሚወስነውን ሰውና ሊታረም የሚገባውን አደገኛ ምክር። ጉዳት የሌለውን ልማድ መተው፣ ጠቃሚውን ማመስገን፣ ገዳዩን ደግሞ ምክንያቱን እያስረዱ ወሳኙ ሰው ባለበት ማረም ይቻላል።

ይህ በሰላም ጊዜ መልካም ልማድ ነው፤ በችግር ጊዜ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሠተው ግጭት የጤና አገልግሎትን በብዙ ቦታ አስተጓጉሏል። ክረምት ሲገባም ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ። መንገድ በተዘጋበት ሌሊት ከነፍሰ ጡሯ አጠገብ የሚቀሩት እናቷ፣ አማቷና ጎረቤቷ ናቸው። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን መጨለም፣ ማንቀጥቀጥና ያለ ልክ የረዘመ ምጥ አደጋ መሆናቸውን አስቀድመው ካወቁ፣ በዚያ ሌሊት ለመነሣት ጎህ እስኪቀድ አይጠብቁም። ከእነርሱ ጋር የሚደረገው ንግግር ግን ከዚያ ሌሊት በፊት፣ በክትትሉ ቀን ነፍሰ ጡሯን ተከትለው መጥተው ከበሩ አጠገብ ሲቀመጡ መጀመር አለበት።